ተራርቆ አብሮ መሮጥ፦ ቨርቹዋል ሩጫና የሯጭ ጽናት

ምንነቱና ዓይነቶቹ

ቨርቹዋል ሩጫ ማለት ተወዳዳሪዎቹ በአንድ የመነሻ መስመር ላይ ሳይሰበሰቡ፣ እያንዳንዱ ባለበት ከተማና ሰፈር አስቀድሞ የተስማሙበትን ርቀት የሚሮጥበት ውድድር ነው። ሯጩ ርቀቱንና የፈጀበትን ሰዓት በስልኩ ወይም በእጅ ሰዓቱ መዝግቦ ለአዘጋጁ ወይም ለባልንጀሮቹ ይልካል፤ ውጤቱም ከሌሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ደረጃ ይወጣለታል። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ የመሮጫ ጫማ፣ የተቆረጠ ቀንና ውጤቱን በሌላ ስፍራ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው። ከአራቱ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ብዙ ጀማሪ ጉልበቱ ሳይዝል ሩጫውን የሚተወው፣ ቢቀር የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ውድድሩ በአፈጻጸሙ ሦስት ዓይነት አለው። በመጀመሪያው ሁሉም ሯጮች በየአገራቸው ሆነው በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ። በሁለተኛው የተወሰነ የጊዜ ገደብ፣ ለምሳሌ አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዓርብ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ፣ ይሰጥና እያንዳንዱ በሚመቸው ሰዓት ይሮጣል። ሦስተኛው የድምር ሩጫ ነው፤ አንድ ሰው ወይም ቡድን በየቀኑ የሮጠውን እየደመረ በሳምንታት ወይም በወራት አንድን ረጅም መንገድ ይጨርሳል። የመጀመሪያው የውድድርን ስሜት ያቀርባል፣ ሁለተኛው የሥራ ሰዓታቸው ለተለያየ ሰዎች ይስማማል፣ ሦስተኛው ደግሞ ልማድን ለመትከል ይበልጥ ይጠቅማል።

አመጣጡ

የዚህ ሩጫ አንዱ ምንጭ ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩ ወታደሮች መካከል ይገኛል። በአገር ቤት የሚካሄድ ታዋቂ ውድድር ሲደርስ፣ በጦር ሰፈር ያሉ ሯጮች ያንኑ ርቀት ባሉበት ቦታ ይሮጡታል፤ ይህም የጥላ ሩጫ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የቦስተን ማራቶን በአዘጋጆቹ ዕውቅና ኢራቅ ውስጥ በታሊል የጦር ሰፈር እንዲህ ተሮጧል። በጅቡቲ ከተማ በአምቡሊ አጠገብ ባለው ካምፕ ሌሞኒየም አሜሪካ ውስጥ ለሚካሄዱ ውድድሮች የጥላ ሩጫዎች ተደርገዋል። ስለዚህ ሐሳቡ ይህ ጽሑፍ ለሚያተኩርባት ጅቡቲ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ዓለም አቀፍ መልኩን የያዘው ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የተጀመረው ዊንግስ ፎር ላይፍ ወርልድ ራን ከ30 በላይ በሆኑ አገሮች ያሉ ሯጮችን በአንድ ቅጽበት አስነሳ። ሩጫው የተወሰነ የመጨረሻ መስመር የለውም፤ ከሯጮቹ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የሚነሳ አሳዳጅ መኪና የደረሰበት ሁሉ ሩጫው እዚያው ያበቃል፤ ረጅሙን የሮጠ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ዓመት የዓለም አሸናፊ፣ ከኢትዮጵያ ተሰድዶ ኦስትሪያ ይኖር የነበረው ለማወርቅ ከተማ ነበር፤ መኪናው የደረሰበት 78.57 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ነው። በሌሎች አኅጉራት የሚፎካከሩትን ሯጮች በዓይኑ ሳያይ ነው ያሸነፋቸው። በማግሥቱ ዓመትም ድሉን ደገመው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የጎዳና ውድድሮችን ሲዘጋ ቨርቹዋል ሩጫ ከዳር ወደ መሃል መጣ። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር መጀመሪያ የተደረገው ዊንግስ ፎር ላይፍ ሙሉ በሙሉ በስልክ መተግበሪያ የተካሄደ ሲሆን ከ77,000 በላይ ሰዎች ሮጠዋል። የቦስተን ማራቶን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰርዞ በመስከረም በቨርቹዋል ሩጫ ተተካ። በለንደን ጥቅምት 4 ቀን ዝነኞቹ ሯጮች ብቻ በተዘጋ ጎዳና ተወዳድረው ኢትዮጵያዊው ሹራ ቂጣታ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ፤ በዚያው ዕለት 37,966 ሰዎች ማራቶኑን በየመንደራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ሮጠው ጨረሱ። ከድምር ሩጫዎች ደግሞ በዚያው ዓመት የአሜሪካን የቴነሲ ግዛት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሐሳብ ለማቋረጥ የተዘጋጀው ሩጫ ይጠቀሳል፤ ርቀቱ 1,022 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አራት ወር ሲሆን፣ ከ19,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። በቀን ሲካፈል ከ8 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ትልቅ የሚመስል ርቀት በየዕለቱ ሲቆራረጥ ተራ ሰው የሚደፍረው ይሆናል።

ባልንጀራ ሯጭን እንዴት ያጸናል

ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን ጉልበቱ እንደሚጨምር የታወቀው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ውጤት መርምሮ፣ ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ከሚሽቀዳደሙት ይልቅ ከባላንጣ ጋር የሚሽቀዳደሙት እንደሚፈጥኑ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1926 ጀርመናዊው ኦቶ ኮህለር የበርሊን ቀዛፊዎችን በጥንድ ክብደት እያስነሳ ፈተነ። ከጥንዶቹ ደካማው ሲዝል የሁለቱም ሥራ የሚቆም በመሆኑ፣ ደካማው ብቻውን ከሚችለው በላይ ጸንቶ ተገኘ። ውጤቱ የጎላው የሁለቱ አቅም መጠነኛ ልዩነት ሲኖረው ነው፤ ልዩነቱ እጅግ ሲሰፋ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ይቀንሳል።

ይህ ኃይል ባልንጀራው በአካል ባይኖርም እንደሚሠራ የታየው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ሴቶች ባሉበት ተቀምጠው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ብቻቸውን የነዱት በአማካይ 10 ደቂቃ ተኩል ያህል ጸኑ። በስክሪን ብቻ ከሚታያቸው ጓደኛ ጎን የነዱት ወደ 20 ደቂቃ፣ የእነሱ መድከም የቡድኑን ውጤት እንደሚወስን የተነገራቸው ደግሞ ወደ 22 ደቂቃ ቆዩ። ርቆ ያለ ጓደኛ የጽናትን ጊዜ በእጥፍ አሳደገው።

በሩጫ ላይ በተለይ የተደረገው ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የሲናን አራልና የክሪስቶስ ኒኮላይደስ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሩጫቸውን በመሣሪያ የሚመዘግቡና ውጤታቸውን ለወዳጆቻቸው የሚያሳዩ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የአምስት ዓመት መረጃ አጠኑ። አንድ ሰው ለወዳጅነት የሚመርጠው ራሱን የሚመስሉትን ስለሆነ፣ ተጽዕኖን ከመመሳሰል ለመለየት የአየር ጠባይን ተጠቀሙ፦ በአንድ ከተማ ዝናብ ሲዘንብና በሌላው ፀሐይ ሲወጣ፣ የፀሐዩ ከተማ ሯጭ መውጣቱ የዝናቡን ከተማ ወዳጁን ከቤት ያስወጣው እንደሆነ መረመሩ። ያስወጣው ነበር። ወዳጆች አንድ ኪሎ ሜትር ጨምረው ሲሮጡ ሰውየው በዚያው ቀን 0.3 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። እምብዛም የማይሮጡት ብዙ የሚሮጡትን ሲያነሳሱ ታይቷል፤ ሴቶችን ያነሳሷቸው ደግሞ ሴቶች ናቸው፣ ወንዶችን ግን ወንዶችም ሴቶችም አነሳስተዋቸዋል። ስለዚህ በቡድን ውስጥ ዘገምተኛው አባል ሸክም አይደለም፤ ለፈጣኑ መቀስቀሻ ነው።

የዚህን አሠራር አበሻ ከዕቁብ ያውቀዋል። በዕቁብ መዋጮው ይወሰናል፣ ቀኑ ይቆረጣል፣ ዳኛና ጸሐፊ ይሾማል፤ ብቻውን ገንዘብ ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ባልንጀሮቹ ስለሚጠብቁት ይቆጥባል። በቨርቹዋል ሩጫም መዋጮው ኪሎ ሜትር ነው።

የጅቡቲ የሩጫ ውርስና የካርቲየ 3 ሯጭ

ጅቡቲ ትንሽ አገር ብትሆንም የማራቶን ታሪኳ ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጃማ ሮብሌ በማራቶን 8ኛ ወጣ። በ1985 በሂሮሺማ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ማራቶን ሁሴን አሕመድ ሳላሕ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አንደኛ፣ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነው ጅቡቲ በቡድን ዋንጫውን ወሰደች። በ1988 ሳላሕ በሶል ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳይ አገኘ፤ ይህ ሜዳይ እስካሁን ለጅቡቲ ብቸኛው የኦሊምፒክ ሜዳይ ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አያንለህ ሱሌይማን በ2014 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ወስዷል።

ባልንጀራ ለሯጭ ምን እንደሚጨምር ከሚያሳዩ ውድድሮች አንዱ ጅቡቲንና ኢትዮጵያን ያገናኛል። ሚያዝያ 17 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሳላሕ በ17 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ሲሆን፣ የእሱም ሰዓት ከቀድሞው ክብረ ወሰን በ5 ሰከንድ ይፈጥን ነበር። ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎዳና ላይ ከቀድሞው ክብረ ወሰን በታች ገቡ። የበላይነህ ሰዓት ለአሥር ዓመት ሳይደፈር ቆየ።

ካርቲየ 3 ከፕላስ ሜኔሊክ በስተደቡብ ከተደረደሩት የጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያዎቹ ጠባብ፣ ምሽቱ በሰውና በታክሲ የተሞላ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ከተማው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። ለሯጭ ትልቁ ፈተና ሙቀቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፣ ሌሊቱም ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው፣ ከምሲን የተባለው ነፋስ አቧራና ወላፈን ያመጣል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ግን አየሩ ይለዝባል።

የቀኑም አከፋፈል ለሩጫ የራሱ ትርጉም አለው። ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ የብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ በመቀመጥ ያልፋል፤ ሠራተኛውም በሙቀቱ ያርፋል። ነጻ የሚቀረው ማለዳው ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ ጭር ያለ፣ ፀሐይም ያልወጣች ስለሆነ፣ ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርቻው መሮጥና ከ1 ሰዓት በፊት ቤት መመለስ ይቻላል። በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ ወይም ጂዳ ያለ ወንድም ወይም የልብ ጓደኛ ጫማውን እያሰረ መሆኑን ሲያውቅ ግን የሚነሳው ይበዛል። ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የሰዓት ክልል ስለሚገኙ በአንድ ቅጽበት መነሳት አያስቸግርም። ዋሺንግተን ያለ ዘመድ ከተጨመረ ግን በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ስለሚዘገይ የ24 ሰዓት ገደብ የተሻለ ነው።

የውድድሩ አደረጃጀት

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘጋጅ ቡድን ከሦስት እስከ ስምንት ሰው ቢይዝ ይበቃል፤ ሲበዛ አንዱ ቢቀር የሚያስተውል ይጠፋል። ርቀቱ ደካማው አባል በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ልምምድ የሚደርስበት መሆን አለበት፤ ለጀማሪ 3 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ተገቢ ነው። አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ ውጤት ይቀበላል፣ ሠንጠረዥ ያወጣል፣ የዘገየውን ይጠይቃል። ማስረጃው ርቀት፣ ሰዓትና የተሮጠበት ቀን የሚታይበት የመተግበሪያው ስክሪንሾት ሲሆን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቡድን ይላካል። ጂፒኤስ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ዳታ ጠፍቶ መሮጥና ቤት ተመልሶ አንዲት ምስል ብቻ መላክ ይቻላል።

የታወቀ ውድድርን ቀን መከተል ሌላ ጥሩ መንገድ ነው። በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 በ10,000 ሯጮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በኅዳር ወር እሑድ ጠዋት ይካሄዳል፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ መሄድ ያልቻለ የካርቲየ 3 ነዋሪ፣ እዚያ ከሚሮጡት ወዳጆቹ ጋር በዚያው ማለዳ የራሱን 10 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። እሑድ በጅቡቲ የሥራ ቀን በመሆኑ ከሥራ በፊት መጨረስ ያስፈልጋል፤ ኅዳር ላይ ሙቀቱ የቀነሰ ስለሆነ ግን ይቻላል። ጅቡቲ ውስጥም ለብዙ ዓመታት በግራን ባራ ደረቅ ሜዳ ላይ የሚካሄድ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ፤ እሱም ለልምምድ ግብ ይሆናል።

ለድምር ሩጫ ደግሞ ለሁለቱ አገሮች ሰው ከምድር ባቡሩ የሚቀርብ መንገድ የለም። በጅቡቲ በኩል ጥር 2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር ከናጋድ ተነስቶ በሆልሆልና በዓሊ ሳቢህ አድርጎ በደወሌ ድንበሩን ይሻገራል፤ ከዚያ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በአዳማ አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ርዝመቱ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። አምስት ባልንጀሮች እያንዳንዳቸው በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ቢሮጡ ድምሩ 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በአምስተኛው ሳምንት ድሬዳዋን ያልፋሉ፣ በአሥር ሳምንት አዲስ አበባ ይገባሉ። ጣቢያ በደረሱ ቁጥር ዳኛው ለቡድኑ ያበስራል። አንዱ አባል ቢታመም ሌሎቹ ያካክሳሉ፤ ይህ ብቻውን ከሚቆጥር ሯጭ የተሻለ ዕድል ነው።

ሙቀት፣ ከፍታና ፍትሕ

በተለያየ ቦታ የተሮጠን ሰዓት እንዳለ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት፣ ከእሱም ጋር ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን፣ ከጅቡቲ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በጅቡቲ ደግሞ ኦክስጅኑ ሙሉ ቢሆንም ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ የባሕሩ እርጥበትም ላብ እንዳይተን ያግዳል፤ ልብ ደምን ወደ ጡንቻም ወደ ቆዳም ለማድረስ ይበልጥ ይደክማል። አንዱ በከፍታ፣ ሌላው በሙቀት ይከፍላል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ከራሱ የቀድሞ ሰዓት ጋር ማወዳደር ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሯጭ 5 ኪሎ ሜትርን በ35 ደቂቃ ሮጣ በሚቀጥለው ወር 33 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ብታመጣ ሰዓቷን በ5 ከመቶ አሻሽላለች። የካርቲየ 3 ጓደኛዋ ከ28 ደቂቃ ወደ 27 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ቢወርድ መሻሻሉ 2 ከመቶ ነው። በዚህ ስሌት አሸናፊዋ እሷ ናት። እንዲህ ሲሆን ዘገምተኛው ተስፋ አይቆርጥም፣ ፈጣኑም አይዘናጋም።

ወራትን ማመዛዘንም ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በዝናብ፣ ጅቡቲ በወላፈን ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን የሚቀርበት ምክንያት በአንድ ጊዜ ይመጣል። በእነዚህ ወራት ርቀትን ትቶ በደቂቃ መወዳደር፣ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ጊዜ የ20 ደቂቃ ሶምሶማ መቁጠር፣ ቡድኑን ሳይበታተን ያሻግረዋል። የፍጥነቱ ውድድር ለኅዳርና ለጥር ይቆያል።

ጥንቃቄዎች

ከሁሉ የሚቀድመው የጤና ጥንቃቄ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ከደጋ የመጣ ሯጭ ጅቡቲ በገባ ማግሥት መወዳደር የለበትም። ሯጭ ግራ ከተጋባ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውሃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ግዴታ ነው። ጓደኛ የሚጠብቅ መሆኑ ሰውን አላግባብ እንዳይገፋው፣ «ዛሬ አልቻልኩም» ማለት የማያስወቅስ መሆኑ ከመጀመሪያው በደንቡ ይገባል። በረመዳን ለሚጾሙ አባላት ደግሞ ሩጫው ከኢፍጣር በኋላ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ በአጭር ርቀት ይደረጋል።

ሁለተኛው የምስጢር ጥንቃቄ ነው። የሩጫ መተግበሪያዎች የሯጩን መነሻና መንገድ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ፣ ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ የወታደሮች የሩጫ መንገድ በተለያዩ አገሮች ያሉ የጦር ሰፈሮችን እንደገለጠ ታወቀ። የብዙ አገሮች ጦር በሰፈረባት ጅቡቲ ሯጭ ከካምፖችና ከወደብ አጥር ርቆ መሮጥ፣ በመተግበሪያው ላይ ደግሞ ቤቱ ያለበትን አካባቢ መደበቅ ይገባዋል። ለሴቶች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ መውጣትም ደኅንነትንም ጽናትንም ይጨምራል።

ሦስተኛው እምነት ነው። በመኪና ወይም በብስክሌት ሄዶ ሮጥኩ ማለት ቀላል ነው። ዊንግስ ፎር ላይፍንና ለንደንን የሚያህል ውድድር ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ያስፈልገው ይሆናል፤ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ግን ደንቡን የሚጠብቀው ክብር ነው። ሽልማቱ ሲያንስ የማጭበርበር ፈተናም ያንሳል፤ ስለዚህ ተሸናፊዎቹ ለአሸናፊው ቡና ከመጋበዝ ያለፈ ውርርድ መግባት አያስፈልግም።

ቨርቹዋል ሩጫ የአደባባይን ሩጫ አይተካም። የሰው ጭብጨባ፣ የትከሻ ለትከሻ ፉክክርና የመጨረሻው መስመር ደስታ በስልክ አይላኩም። ሥራው ሌላ ነው፦ ከአንድ የአደባባይ ውድድር እስከ ሌላው ባሉት ረጅም ወራት ሯጩን ከልምዱ እንዳይወጣ መያዝ። ኑሮ ባልንጀሮቹን በጅቡቲ፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ለበተነበት ሰው ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው። የካርቲየ 3 ነዋሪ ለመጀመር አንድ ወዳጅ መጥራት፣ አንድ ርቀት መምረጥና አንድ ማለዳ መቁረጥ ይበቃዋል፤ ጥሪውም ዛሬ ቢላክ በሚቀጥለው ዓርብ ማለዳ የመጀመሪያው ሩጫ ይደረጋል።